ቫይረሱ ሴሉን አያውቀውም፦ ዘረ መልን ለተመረጡ የአንጎል ሴሎች ስለማድረስ

ጥያቄ፦ የሥነ ሕይወት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። በአይጥ ሂፖካምፐስ (ለትውስታ በሚያገለግለው የአንጎል ክፍል) ውስጥ ካሉት ሴሎች መካከል በገቺዎቹ፣ ማለትም የሌሎችን ሴሎች ሥራ በሚገቱት፣ የነርቭ ሴሎች ብቻ የሚሠራ ዘረ መል በቫይረስ አማካይነት ለማስገባት አስቤያለሁ። ቫይረሱ የምፈልገውን ሴል ከሌላው እንዴት ይለየዋል? በደም ሥር ተሰጥተው የአይጥን አንጎል ያዳርሳሉ የተባሉት ቫይረሶችስ ለሰው ያልዋሉት ለምንድን ነው? ለጀማሪ የትኛውን ይመክራሉ?

መልስ፦ ጥያቄዎ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ነገሮችን ጠቅልሎ ይዟል፤ በሙያው ውስጥ ያለነውም ብንሆን በንግግር እንዲሁ ስንጠቀልላቸው እንገኛለን። «ቫይረሱ ሴሉን ይለያል» ስንል አንድም ቫይረሱ ወደዚያ ሴል ብቻ ይገባል ማለታችን ነው፤ አንድም ወደ ብዙ ዓይነት ሴሎች ቢገባም የተሸከመው ዘረ መል የሚሠራው በአንዱ ዓይነት ውስጥ ብቻ ነው ማለታችን ነው። ዛሬ በእጃችን ካሉት ዘዴዎች አብዛኞቹ የሚያደርጉት ሁለተኛውን ነው። ቫይረሱ ራሱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ በሴሉ ገጽ ላይ የሚጣበቅበት ነገር ካገኘ ይገባል፣ ካላገኘ ያልፋል። ገቺውን ሴል ከቀስቃሹ የሚለየው በአብዛኛው ሴሉ ራሱ ነው፤ ይኸውም የገባለትን ዲኤንኤ ለማንበብ የሚያስፈልጉት ፕሮቲኖች ስላሉት ወይም ስለሌሉት ነው። ስለዚህ ልየታን የአንድ ቫይረስ ጠባይ አድርገው አይያዙት። ልየታ ከመስጫው መንገድ፣ ከቅርፊቱ፣ ከማንበቢያው ምልክት፣ ከተጫነው ዘረ መል፣ ከመጠኑና ከእንስሳው ዝርያ በአንድነት የሚወጣ፣ በየሙከራው እንደገና ተቆጥሮ የሚረጋገጥ ውጤት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ተሸካሚው ጥቂት ልበል። ለአንጎል ሥራ በብዛት የምንጠቀምበት አዴኖ ተጓዳኝ ቫይረስ፣ በምህጻሩ ኤኤቪ የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዴኖቫይረስ ዝግጅት ውስጥ ተደባልቆ ተገኘ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ስፋቱ 25 ናኖሜትር ገደማ ነው። ካፕሲድ የሚባለው ቅርፊቱ ከ60 የፕሮቲን ክፍሎች የተገጣጠመ ሲሆን በውስጡ 4,700 ፊደል (የዲኤንኤ መሠረታዊ ክፍል) ገደማ ርዝመት ያለው ባለ አንድ ሰንሰለት ዲኤንኤ ይዟል። ረዳት ቫይረስ ካላገኘ መራባት አይችልም፣ በሰው ላይም በሽታ እንደሚያመጣ አይታወቅም፤ ለዚህ ሥራ ያስመረጡትም በዋናነት እነዚህ ሁለት ጠባዮች ናቸው። ቬክተር፣ ማለትም ዘረ መል ተሸካሚ፣ ስናዘጋጅ የቫይረሱን የራሱን ዘረ መሎች ሙሉ በሙሉ አውጥተን በሁለቱ ጫፎች ያሉትን፣ እያንዳንዳቸው 145 ፊደል የሆኑትን ክፍሎች ብቻ እናስቀራለን፤ በመካከላቸው የእኛን ጭነት እናስገባለን። የነርቭ ሴል ስለማይከፋፈል ጭነቱ በኒውክሊየሱ ውስጥ፣ በአብዛኛው ከክሮሞሶሞቹ ተለይቶ፣ ለረጅም ጊዜ ይቆያል።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር በደንብ ይያዙልኝ፤ 4,700ን። ፕሮሞተሩ (ዘረ መሉ መነበብ የሚጀምርበት የማንበቢያ ምልክት)፣ ዘረ መሉ፣ የአርኤንኤውን መጨረሻ የሚያበጀው ምልክትና ሁለቱ ጫፎች ተደምረው ከዚህ ብዙ ማለፍ የለባቸውም። በዚህ ሙያ ውስጥ ስንት መልካም ሐሳብ የተጣለው ከዚህ ጠባብ ሳጥን፣ ከቅርፊቱ የመጫን አቅም፣ ስላለፈ ብቻ ነው! ሌንቲቫይረስ የዚህን እጥፍ ገደማ ይሸከማል፤ ነገር ግን ጭነቱን በሴሉ ክሮሞሶም ውስጥ ይሰካል፣ ከኤኤቪ በጣም የሚተልቅ በመሆኑም በአንጎል ውስጥ ከተወጋበት ቦታ ብዙ አይርቅም። ለእርስዎ ሥራ ኤኤቪ ስለሚበቃ ሌሎቹን እተዋቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ማጣሪያ ብዙ የማይነገርለት የመስጫው መንገድ ነው። ዶፓሚንን ለመሥራት የሚያስፈልገው ኤኤዲሲ የተባለ ኢንዛይም በተፈጥሮ ለጎደላቸው ሕሙማን የተዘጋጀውን ሕክምና እንመልከት፤ በአውሮፓ በ2022፣ በአሜሪካ በ2024 ተፈቅዷል። ቅርፊቱ የኤኤቪ2 ነው (ቁጥሩ የኤኤቪውን ዓይነት ያመለክታል)፤ ፕሮሞተሩ በማንኛውም ዓይነት ሴል ሊሠራ የሚችል ነው። ልየታውን የሰጠው የቀዶ ሐኪሙ መርፌ ነው፤ በአንጎሉ ግራና ቀኝ ፑታመን በሚባለው ክፍል ውስጥ በአራት ነጥቦች ላይ፣ በጠቅላላው 180 ቢሊዮን የቫይረስ ቅንጣት ብቻ ይገባል። አሁን ደግሞ የአከርካሪ ነርቭ ሴሎች ለሚሞቱባቸው ሕፃናት በ2019 በአሜሪካ የተፈቀደውን የኤኤቪ9 ሕክምና ከዚህ ጋር ያስተያዩት። እሱ በደም ሥር ስለሚሰጥ መጠኑ ለእያንዳንዱ ኪሎግራም 110 ትሪሊዮን ቅንጣት ነው፤ 5 ኪሎግራም የሚመዝን ሕፃን 550 ትሪሊዮን ይወስዳል ማለት ነው፤ የመጀመሪያውን 3,000 እጥፍ ገደማ። የእሱም ፕሮሞተር በሴል ዓይነት የተወሰነ አይደለም። ሁለቱም ሕሙማን ጋር የደረሱ፣ የሕፃናትን ዕጣ የለወጡ መድኃኒቶች ናቸው፤ ሁለቱም ግን እኛ በላቦራቶሪ የምንመካበትን በሴል ዓይነት የሚለይ ምልክት ሳይጠቀሙ ነው እዚህ የደረሱት።

በአይጥ ላይ ሲሠሩም መንገዱ ይፈርዳል። ወደ ሂፖካምፐስ በቀጭን የመስታወት ፒፔት 300 ናኖሊትር ሲሰጡ በደቂቃ ከ100 ናኖሊትር በማይበልጥ ፍጥነት ይግፉት፤ ከጨረሱም በኋላ ፒፔቱን ሳያንቀሳቅሱ 10 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ቸኩለው ከነቀሉት ፈሳሹ ፒፔቱ የሄደበትን መንገድ ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣና ከሂፖካምፐስ በላይ ያለው ኮርቴክስ (የአንጎል ውጫዊ ሽፋን) ቫይረሱ በተሸከመው አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ያበራል፤ በኋላ ቁራጩን በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ቀጥ ያለ አረንጓዴ ዓምድ ሆኖ ይታያል። ምንም ያህል የተራቀቀ ቬክተር ቢይዙ ያን ዓምድ አያጠፋልዎትም።

ሁለተኛው ማጣሪያ ቅርፊቱ ነው። በደም ሥር የተሰጠ ቫይረስ ወደ አንጎል ለመግባት የደምና የአንጎል አጥር የምንለውን፣ እርስ በርሳቸው ጥብቅ ብለው በተያያዙ የካፒላሪ (የቀጫጭን ደም ሥሮች) ሴሎች የተሠራውን ግድግዳ ማለፍ አለበት። በ2009 ኤኤቪ9 በተፈጥሮው ይህን አጥር በመጠኑ እንደሚያልፍ ታየ፤ በአራስ አይጦች ብዙ የነርቭ ሴሎችን፣ በአዋቂ አይጦች ግን በአብዛኛው አስትሮሳይቶችን፣ ማለትም የነርቭ ሴሎችን የሚደግፉ ሴሎችን፣ ያዘ። አንድ ቅርፊት፣ አንድ የመስጫ መንገድ፣ አንድ የእንስሳ ዝርያ፤ የተለወጠው ዕድሜ ብቻ ነው፤ የተያዘው የሴል ዓይነት ግን ተለወጠ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ የሁለተኛው ጥያቄዎ ዋና መልስ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገርዎ። በካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የነበሩት ቤን ዴቨርማን፣ ቪቪያና ግራዲናሩና ባልደረቦቻቸው በኤኤቪ9 ቅርፊት ላይ፣ 588ኛው እና 589ኛው አሚኖ አሲድ መካከል፣ ሰባት አሚኖ አሲዶችን በዘፈቀደ እየሰኩ እጅግ ብዙ ዓይነት ቅርፊት አዘጋጁ። እነዚህን ሁሉ ቀላቅለው በአይጥ ደም ሥር ሰጡ። ብልሃቱ ያለው በመልቀሙ ላይ ነው። ከአንጎል ውስጥ የተገኘውን ቫይረስ ሁሉ ቢለቅሙ ኖሮ በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የቀረውንም ይዘው ይመጡ ነበር። ስለዚህ የቫይረሱን ዲኤንኤ ክሪ የሚባለው ኢንዛይም ሲያገኘው አንድ ክፍሉ እንዲገለበጥ አድርገው ሠሩት፤ አይጦቹ ደግሞ ክሪን በአስትሮሳይቶቻቸው ብቻ የሚያመርቱ ነበሩ። በመጨረሻ የተገለበጠውን ዲኤንኤ ብቻ አባዝተው አነበቡ። የተገለበጠ ዲኤንኤ ማለት አጥሩን አልፎ፣ ሴል ውስጥ ገብቶ፣ ቅርፊቱን ጥሎ ኒውክሊየስ የደረሰ ዲኤንኤ ነው። በ2016 ይፋ የሆነው ፒኤችፒ ቢ የተባለው ቅርፊት በዚህ መንገድ ተገኘ፤ ዘረ መልን ወደ አዋቂ አይጥ አንጎል በማድረስ ከኤኤቪ9 ቢያንስ 40 ጊዜ የሚበልጥ ነበር። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ፒኤችፒ ኢቢ የተባለው የተሻሻለው ዓይነት ተከተለ።

ደስታው ታላቅ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን እንቆቅልሽ መጣ። ቅርፊቱ ሲ57 ብላክ 6 በሚባለው የአይጥ ዘር ላይ ያሳየው ብርታት ባልብ ሲ በሚባለው ዘር ላይ አልታየም፤ ሰው ባልሆኑ ፕሪሜቶች (እንደ ዝንጀሮ ባሉ እንስሳት) ላይ ሲሞከርም ከኤኤቪ9 የተሻለ ነገር አላሳየም። በ2019 የተለያዩ የምርምር ቡድኖች ምክንያቱን አገኙት። ፒኤችፒ ቢ አጥሩን የሚያልፈው በአንጎል የደም ሥር ሴሎች ገጽ ላይ ካለ ኤልዋይ6ኤ ከተባለ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው። ባልብ ሲ አይጦች ያላቸው የፕሮቲኑ ዓይነት ለቫይረሱ አይመችም፤ ፕሪሜቶች ደግሞ ይህ ፕሮቲን ጭራሹን የላቸውም። ማንም ያጠፋው ጥፋት አልነበረም፤ ምርጫው የተካሄደው በአንድ የአይጥ ዘር ውስጥ በመሆኑ የተመረጠው ቅርፊት ለዚያ ዘር የሚስማማው ሆነ።

ትምህርቱን የወሰዱት ተመራማሪዎች መንገዱን ገለበጡት። ቅርፊት አበጅቶ በምን በኩል እንዳለፈ በኋላ ከመፈለግ ይልቅ፣ በሰው አጥር ላይ መኖሩ የታወቀ ፕሮቲን መርጦ ከእሱ ጋር የሚጣበቅ ቅርፊት መፈለግ ጀመሩ። ትራንስፈሪን የተባለውን ብረት ተሸካሚ ፕሮቲን የሚቀበለው የሰው ተቀባይ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ብረት ወደ አንጎል የሚገባው በዚያ በኩል ነውና። በ2024 በብሮድ ኢንስቲትዩት የዴቨርማን ቡድን ከዚህ የሰው ተቀባይ ጋር የሚጣበቅ ቅርፊት ይፋ አደረገ፤ የሰውን ተቀባይ እንዲይዙ በተደረጉ አይጦች ላይ በአንጎል ውስጥ የታየው የዘረ መል ሥራ ከኤኤቪ9 ከ40 እስከ 50 እጥፍ ሆነ። ይህን አቅጣጫ እኔ በብዙ ተስፋ ነው የምከታተለው፤ ምክንያቱም ከአይጥ ወደ ሰው የሚያሻግረው ድልድይ ምን እንደሆነ ከመነሻው ይታወቃልና። ሆኖም ልብ ይበሉ፤ እንዲህ ያለው ቅርፊት የሚፈታው አጥሩን የማለፍን ጉዳይ ነው። አንዴ ካለፈ በኋላ ገቺውን ከቀስቃሹ፣ የነርቭ ሴሉን ከአስትሮሳይቱ አይለይልዎትም።

ሦስተኛው ማጣሪያ፣ ለእርስዎ ሥራ ደግሞ ዋነኛው፣ የማንበቢያው ምልክት ነው። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች አሉት፤ በ2023 የወጣው የሰው አንጎል ሴሎች ካርታ ደግሞ ከ3,000 የሚበልጡ የሴል ዓይነቶችን ለይቷል። ሁሉም የያዙት ዲኤንኤ አንድ ነው፤ የሚለያዩት የትኛው ክፍሉ ተከፍቶ እንደሚነበብ፣ የትኛው ተጠቅልሎ እንደሚቀመጥ ነው። ለአንድ ዓይነት ሴል ብቻ ክፍት ከሆኑት ክፍሎች መካከል ኢንሃንሰር የሚባሉት፣ የዘረ መልን መነበብ የሚያበረታቱት፣ አጫጭር ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ፊደል ብቻ። ይህ አጭርነት ለኤኤቪ ትልቅ ጸጋ ነው፤ በዚያ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ዛሬ እያንዳንዱን ሴል ለየብቻ ወስዶ የተከፈተውን ዲኤንኤውን ማንበብ ስለሚቻል ለአንድ የሴል ዓይነት በመቶ የሚቆጠሩ እጩ ኢንሃንሰሮችን መዘርዘር ቀላል ሆኗል፤ አስቸጋሪው ከእነሱ ውስጥ በቫይረስ ላይ ተጭነው፣ ከክሮሞሶሙ አካባቢያቸው ተነጥለው ሲቀመጡም የሚሠሩትን ማግኘት ነው። ብዙዎቹ አይሠሩም። በወረቀት ላይ ያማረ እጩ በሕያው አንጎል ውስጥ ዝም ሲል ማየት የተለመደ ነው፤ ስለዚህ አንድ ኢንሃንሰር «ተገኘ» ሲባል በሕያው እንስሳ ተሞክሮ እንደሆነ ይጠይቁ።

እርስዎን የሚመለከተው ኢንሃንሰር በ2016 ይፋ የሆነው፣ ዲኤልኤክስ 5 እና 6 ከሚባሉት ዘረ መሎች አካባቢ የተወሰደው ነው። እነዚህ ዘረ መሎች ገቺ ሴሎች በሚፈጠሩበት ጊዜ የሚሠሩ ናቸው፤ 500 ፊደል ገደማ የሆነው ኢንሃንሰር በአዋቂው አንጎልም የተጫነውን ዘረ መል በገቺ ሴሎች ውስጥ እንዲነበብ ያደርጋል፣ በሌሎቹ ዝም ያሰኘዋል። ከአይጥ አልፎ ማርሞሴት በተባሉ ትናንሽ ዝንጀሮዎችም መሥራቱ ታይቷል። ጠበብ ያለ ነገር ከፈለጉ፣ ማለትም ከገቺዎቹም ውስጥ ፓርቫልቡሚን የሚባለውን ፕሮቲን የሚይዙትን ብቻ፣ በ2020 የቀረበው፣ ከኤስሲኤን1ኤ ዘረ መል ክልል የተገኘውና ኢ2 የተባለው ኢንሃንሰር አለ። ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸሩ የቆዩት ፕሮሞተሮች ሰፋፊ ናቸው፤ የሲናፕሲን ፕሮሞተር ነርቭ ሴሎችን በጅምላ፣ የካምኬይ2 ፕሮሞተር በአመዛኙ ቀስቃሾቹን፣ የጂኤፍኤፒ ፕሮሞተር አስትሮሳይቶችን ይይዛል፤ ሆኖም ሁሉም በየመጠናቸው ያፈስሳሉ፣ ማለትም ባልታሰቡት ሴሎችም በጥቂቱ ይሠራሉ።

የዚህ ዘዴ ትርጉም ከላቦራቶሪ ውጭም እንደሚዘልቅ ለማሳየት የድራቬ ሲንድሮምን ላንሳ። ይህ በሕፃንነት የሚጀምር ከባድ የሚጥል በሽታ ሲሆን በአብዛኛው የሚመጣው ከሁለቱ የኤስሲኤን1ኤ ቅጂዎች አንዱ ሲበላሽ ነው፤ ይበልጥ የሚጎዱት ደግሞ ገቺዎቹ ሴሎች ናቸው፤ የሚገታ ሲደክም አንጎል ይናወጣል። የተሟላውን ዘረ መል እንዳናስገባ ኮዱ ብቻ 6,000 ፊደል ገደማ ስለሆነ ከሳጥኑ ያልፋል። ተመራማሪዎቹ ያገኙት መውጫ እጅግ የሚደነቅ ነው፦ ዘረ መሉን ራሱን ትተው፣ በሴሉ ውስጥ ያለውን ጤነኛውን ቅጂ የበለጠ እንዲነበብ የሚያደርግ ትንሽ ሰው ሠራሽ ፕሮቲን በኤኤቪ9 ጫኑ፤ ይህም በገቺ ሴሎች ብቻ እንዲሠራ በሴል ዓይነት የሚለይ ምልክት ከፊቱ አስቀመጡ። ሕክምናው በሕፃናት ላይ መሞከር ጀምሯል። የሳጥኑ ጥበትና የልየታው ጥያቄ በአንድ ንድፍ ሲመለሱ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

አሁን ወደማይመቸው ጉዳይ ልግባ። ምልክቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ የተጫነው ዘረ መል ራሱ ምልክቱን ሊያጣምመው ይችላል። በ2020 የአስትሮሳይቶችን አንድ ፕሮቲን በመቀነስ ወደ ነርቭ ሴልነት መለወጥ ተቻለ የሚሉ ጥናቶች ወጥተው ዓለምን አነጋገሩ፤ ከዚያም በፊት ኒውሮዲ1 የተባለውን ዘረ መል በጂኤፍኤፒ ፕሮሞተር አስገብቶ ተመሳሳይ ለውጥ ማየት እንደተቻለ ተነግሮ ነበር። በ2021 ሌላ ቡድን አስትሮሳይቶቹን አስቀድሞ በማይጠፋ ምልክት ለይቶ ሙከራውን ደገመው። «አዲስ የተወለዱ» የተባሉት ነርቭ ሴሎች ያንን ምልክት አልያዙም፤ ማለትም ከመጀመሪያው እዚያው የነበሩ የነርቭ ሴሎች ነበሩ፤ ቫይረሱ ገብቶባቸው ፕሮሞተሩ ስላፈሰሰ ብቻ የበሩ። ኒውሮዲ1 ደግሞ በዚያው ቫይረስ ላይ ያለውን የጂኤፍኤፒ ፕሮሞተር በነርቭ ሴሎች ውስጥ እንዲነቃ ያደርገው ነበር። ይህን የማነሳው ሰዎቹን ለመውቀስ አይደለም። ባዶ የሚያበራ ፕሮቲን ጭነው ያረጋገጡት ልየታ፣ ጭነቱን ሲለውጡ አብሮ እንደማይሻገር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር ስለሌለ ነው። እርስዎም ጭነትዎን በለወጡ ቁጥር እንደገና ይቆጥራሉ።

ስለ ሌሎቹ መሣሪያዎች አጠር አድርጌ ልናገር። ክሪን በአንድ የሴል ዓይነት ብቻ የሚያመርቱ የአይጥ ዘሮች ካሉዎት ዘረ መሉን ገልብጦ የያዘ ቫይረስ ሰጥተው በእነዚያ ሴሎች ብቻ እንዲቃና ማድረግ ይችላሉ፤ በአይጥ ሥራ እስከ ዛሬ ከሁሉ አስተማማኙ ይህ ነው፤ ለሰው ግን አይሆንም። ሴሎቹን በዓይነታቸው ሳይሆን መልእክት በሚልኩበት ቦታ መለየት ከፈለጉ በ2016 የወጣው ኤኤቪ ሬትሮ የነርቩን ጫፍ ይዞ ወደ ሴሉ አካል ይመለሳል። አንድ ሴል በቀጥታ ከማን መልእክት እንደሚቀበል ለማወቅ ደግሞ የራሱን የገጽ ፕሮቲን ዘረ መል የተነጠቀ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ከ2007 ጀምሮ አገልግሏል። ማይክሮግሊያዎች፣ ማለትም የአንጎል ተከላካይ ሴሎች፣ ለኤኤቪ እጅግ አስቸጋሪ እንደሆኑ ቆይተዋል፤ የገባባቸውን እንግዳ መፍጨት ሥራቸው ነውና።

ማብራት ብቻ ሳይሆን ማጥፋትም የልየታ መንገድ ነው። እያንዳንዱ ሕብረ ሕዋስ የራሱ ማይክሮ አርኤንኤዎች አሉት፤ 22 ፊደል ገደማ የሆኑ፣ ከእነሱ ጋር የሚገጥም አርኤንኤ ሲያገኙ የሚያፈርሱ ናቸው። ከዘረ መሉ ጀርባ ለጉበቱ ማይክሮ አርኤንኤ 122 የሚገጥም ቅደም ተከተል አራት ጊዜ ያህል ደጋግመው ካስገቡ ጉበት ውስጥ የተነበበው መልእክት ፕሮቲን ሳይሆን ይፈርሳል። በ2020 በዚሁ ዘዴ ማይክሮ አርኤንኤ 183ን በመጠቀም ከአከርካሪው ጎን ባሉ የስሜት ነርቭ ሴሎች ስብስቦች ላይ በፕሪሜቶች ይታይ የነበረውን ጉዳት መቀነስ እንደተቻለ ታይቷል። ከ200 ፊደል ባነሰ ቦታ ይህን ያህል ጥበቃ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ ይህ ዘዴ ከሚገባው በታች እየተጠቀምንበት ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ሰው ሲመጣ ከተቀባዩ ልዩነት ሌላ የሚያዘገዩ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ብዙ ሰው በሕይወቱ ከተፈጥሮ ኤኤቪ ጋር ተገናኝቶ በደሙ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላት የያዘ መሆኑ ነው፤ ያልያዘውም አንዴ ሕክምናውን ከወሰደ በኋላ ስለሚይዝ ሁለተኛ ዕድል አይኖረውም። ሁለተኛው በደም ሥር የሚሰጠው ግዙፍ መጠን ነው፤ ቫይረሱ በብዛት የሚያርፈው ጉበት ላይ ነው። ከላይ ያነሳሁት የኤኤቪ9 ሕክምና የከባድ ጉበት ጉዳት ማስጠንቀቂያ ይዞ ነው የሚሰጠው፤ ሕፃናቱም መድኃኒቱን ከመውሰዳቸው አንድ ቀን በፊት ጀምረው ስቴሮይድ ይወስዳሉ። ከአንጎል ውጭ ለሆነ የጡንቻ በሽታ በደም ሥር ከፍተኛ የኤኤቪ መጠን በተሰጠበት ሙከራ ላይ አራት ሕፃናት ሞተዋል። አጥሩን በብቃት የሚያልፍ ቅርፊት የሚፈለገው አንጎልን ይበልጥ ለማብራት ብቻ አይደለም፤ መጠኑን ዝቅ አድርጎ ጉበትን ለማዳንም ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ይህ ነው። ኤኤቪ9 ወይም ኤኤቪ5 ቅርፊት፣ የዲኤልኤክስ ኢንሃንሰር፣ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ይዘው በቀጥታ ወደ ሂፖካምፐስ በመስጠት ይጀምሩ፤ በደም ሥር የሚሰጡትን ለኋላ ያቆዩ። መጠኑን ግን አስቀድመው ያጥኑ። እኔ ጀማሪ ሳለሁ ይኸው ዓይነት ቫይረስ በአንድ ሚሊሊትር 10 ትሪሊዮን ቅንጣት ይዞ ሲደርሰኝ ሳላቀጥነው 300 ናኖሊትር ሰጠሁ፤ 3 ቢሊዮን ቅንጣት መሆኑ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ 40 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለውን ቁራጭ ሳየው ደነገጥኩ። በሂፖካምፐስ ውስጥ ቀስቃሾቹ ሴሎች ተጠጋግተው አንድ ጠባብ የተቆለመመ መስመር ይሠራሉ፤ ገቺዎቹ ግን በመስመሩ ዙሪያ ተበታትነው ነው የሚገኙት። መታየት የነበረባቸው የተበታተኑ ነጠብጣቦች ነበሩ፤ ያየሁት ግን ያ የተቆለመመ መስመር ከዳር እስከ ዳር ሲያበራ ነው። ኢንሃንሰሩ አልተበላሸም ነበር። በአንድ ሴል ውስጥ ብዙ መቶ ቅጂ ሲከማች እያንዳንዱ ቅጂ የሚያፈስሰው ጥቂት ጥቂት ተደምሮ ሴሉን ለማብራት ይበቃል። ያንኑ ቫይረስ አሥር እጥፍ አቅጥኜ ስደግመው መስመሩ ጠቆረ፣ ነጠብጣቦቹ ቀሩ።

ስለዚህ ዋናውን ሙከራ ከመጀመርዎ በፊት ሦስት መጠኖችን፣ ያልቀጠነውን፣ አሥር እጥፍና ሠላሳ እጥፍ የቀጠነውን፣ ለእያንዳንዳቸው በሦስት አይጦች ይሞክሩ፤ አይጦቹም በኋላ የሚሠሩባቸው ዘርና ዕድሜ ይሁኑ። ከሌላ ላቦራቶሪ የተጻፈ የመጠን ቁጥር እንዳለ አይውሰዱ፤ አቆጣጠሩ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ አንድ ዓይነት ቁጥር የተለያየ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ሲያቀጥኑ ኤኤቪ ከፕላስቲክ ግድግዳ ጋር ስለሚጣበቅ በፈሳሹ ውስጥ መጣበቁን የሚከላከለውን ፕሉሮኒክ ኤፍ68 የተባለ ውህድ በ0.001 በመቶ ይጨምሩ፤ አለበለዚያ ያቀጠኑት ከሚያስቡት በላይ ይሳሳል። ቫይረሱን በትንንሹ ከፋፍለው ያቀዝቅዙት፣ አንዱን ብልቃጥ ደጋግመው አያቅልጡ። ባለ አንድ ሰንሰለቱ ዲኤንኤ ሁለተኛውን ሰንሰለት እስኪሠራ ጊዜ ስለሚወስድ ሦስት ሳምንት ይጠብቁ።

ከዚያ ቁራጮቹን ገቺ ሴሎችን በሚለየው የጋድ67 ፀረ እንግዳ አካል በቀይ ቀለም ይቅቡና ሁለት ቁጥሮችን ለየብቻ ያውጡ፦ ካበሩት አረንጓዴ ሴሎች ውስጥ ስንቶቹ ቀይ እንደሆኑ፣ ከቀዮቹ ውስጥ ደግሞ ስንቶቹ አረንጓዴ እንደሆኑ። የመጀመሪያው ልየታው ነው፤ ሁለተኛው ሽፋኑ ነው። መጠኑን ሲቀንሱ የመጀመሪያው ይወጣል፣ ሁለተኛው ይወርዳል። የሚቆጥረው ሰው የትኛው ቁራጭ የየትኛው መጠን እንደሆነ የማያውቅ ቢሆን ይመረጣል፤ በሂፖካምፐስ ውስጥ ካለው የተቆለመመ መስመር ይጀምር፣ የፈሰሰ ካለ በመጀመሪያ የሚገኘው እዚያ ነውና።